መስመሩ ፖሊጎኑን ነካው ወይስ ገባበት?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ የትኞቹ መንገዶች ወደ ጥብቅ ደን ይገባሉ? የካርታ ዳታ በሚይዘው ዳታቤዝ በፖስትጂአይኤስ ኤስቲ_ኢንተርሴክትስን (ሁለት ቅርጾች መገናኘታቸውን የሚፈትሸውን ፈንክሽን) ብቻ ከጠየቅን ግን የደኑን ዳር ታክከው የሚያልፉትም አብረው ይመጣሉ። ፈንክሽኑ አልተሳሳተም፤ አንዲት የጋራ ነጥብ ካለች መልሱ «አዎ» ነው።

ስለዚህ ዋናው ዳታ ላይ ከመሄዴ በፊት መልሳቸው በዓይን የሚታይ ቅርጾችን ሞከርሁ። ፖሊጎኑ (ደኑን የሚወክለው የተዘጋ ቅርጽ) ከ0,0 እስከ 10,10 የሆነ ካሬ ነው። ከ-5,5 ወደ 15,5 የተዘረጋው መስመር በኢንተርሴክትስም በክሮስስም (ማቋረጥን በሚፈትሸው) እውነት ነው። ከ2,2 እስከ 8,8 ያለው በኢንተርሴክትስ እውነት ሲሆን በክሮስስ ሐሰት ይሆናል፤ ክሮስስ የመስመሩ ከፊል ውጭ እንዲቀር ይፈልጋልና። ከ10,0 እስከ 10,10 ጠርዙ ላይ የተኛው ደግሞ ተችስ (ዳሩን ብቻ የሚነካ) ይባላል፤ ዊዝኢን (ውስጥ መሆንን የሚፈትሸው) እንኳ አይቀበለውም። ወደ ውስጥ የገባውን ሁሉ የሚይዘው «ኢንተርሴክትስ ሆኖ ተችስ ያልሆነ» የሚለው ነው። የሁለት ቅርጾችን ግንኙነት በዝርዝር በሚያሳየው በኤስቲ_ሪሌትም ይቻላል፤ እሱ ግን ኢንዴክሱን (ፍለጋን የሚያፋጥነውን ማውጫ) በራሱ ስለማይጠቀም በትልቅ ዳታ ላይ አልመርጠውም።

ውጤቱ ባዶ ከመጣ መጀመሪያ የማየው ኤስአርአይዲን (ነጥቦቹ በየትኛው የኮኦርዲኔት ሥርዓት እንደተጻፉ የሚናገረውን ቁጥር) ነው። ኤስቲ_ሴትኤስአርአይዲ ቁጥሩን ብቻ ይለውጣል፤ ነጥቦቹን የሚያዛውረው ኤስቲ_ትራንስፎርም ነው። ትራንስፎርሙን ጥያቄው ውስጥ ኮለሙ ላይ ከጻፍነው ደግሞ በኮለሙ ላይ የተሠራው የጂስት ኢንዴክስ (ለቅርጾች የሚሠራው የኢንዴክስ ዓይነት) ከጥቅም ውጭ ይሆናል። የተለወጠውን በሌላ ኮለም አስቀምጦ እዚያ ላይ ኢንዴክስ መሥራት ይሻላል። ራሳቸውን የሚቆርጡ ፖሊጎኖችን በኤስቲ_ኢዝቫሊድ ለይቶ በኤስቲ_ሜክቫሊድ ማረምም አይታለፍ።

ሰያፍ ጠርዝ ላይ በስሌት የተቀመጠ ነጥብ በአስርዮሽ ማጠጋጋት ምክንያት ከጠርዙ በጥቂቱ ሊርቅና ኢንተርሴክትስ «አይደለም» ሊል ይችላል። መነካካቱ ሲፈለግ ኤስቲ_ዲዊዝኢን (በተሰጠው ርቀት ውስጥ መሆንን የሚፈትሸው) በ0.001 ሜትር ይበጃል። ኮኦርዲኔቱ በዲግሪ ከሆነ ግን ያው 0.001 በሰሜን-ደቡብ አቅጣጫ ወደ 111 ሜትር ይሆናል!

ብዙ ሺህ ነጥብ ያለው ደን ሥራውን ሲያዘገይ ኤስቲ_ሰብዲቫይድ ፖሊጎኑን ቢበዛ 256 ነጥብ ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከፍላል፤ ፍጥነቱም በግልጽ ይታያል። ነገር ግን እያንዳንዱ መቁረጫ አዲስ ጠርዝ ስለሆነ፣ ደኑ መሀል በመቁረጫው ላይ የሚሄድ መንገድ ተችስ ተብሎ ይጣላል። ቁርጥራጮቹን እጩ መንገዶችን ለመለየት ብቻ እጠቀምና የተደጋገሙትን በዲስቲንክት አስወግዳለሁ፤ ተችስን የምፈትነው በዋናው ፖሊጎን ነው።