«አበዛው» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ጣጣው የመጣው ከአንድ ኢሜይል ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በየስብሰባው ያንኑ የአሠራር ችግር ያነሳል። ችግሩ አለ፣ አልዋሸም። ግን ሰማን እኮ! አምስተኛው ስብሰባ ላይ ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርን። እኔ ደግሞ የስብሰባውን ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበረብኝ። በልቤ ያለው ቃል «አበዛው» ነው። የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ከፍቼ «ኦቨርኤምፈሳይዝ»፣ ከልክ በላይ ማጉላት፣ የሚለውን ፈለግኩ። ከሥሩ አንድ መንጋ ግሥ ተሰልፏል። ሞላ ያለውን፣ የተማረ ሰው ቃል የሚመስለውን መረጥኩ፦ «ኤግዛጅሬት»። ችግሩን ኤግዛጅሬት ያደርጋል ብዬ ላክሁ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ቀደደ ማለትሽ ነው?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ለካ የጻፍኩት «ሳያቋርጥ ያነሳዋል» ሳይሆን «ያጋንናል» ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኩት። ማታ ቤት ገብቼ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። መዝገቡን ልወቅሰው አስቤ ነበር። በኋላ ሳስበው ወጥመዱ ያለው በራሴው «አበዛው» ውስጥ ነው። «አበዛው» ስንል አጋነነ ማለት ሊሆን ይችላል። ነዘነዘ ማለትም ይሆናል። ከሌላው ነገር አስበልጦ ያለ ልኩ ቦታ ሰጠውም ይሆናል። ስንነጋገር ፊትና ድምፅ ይለዩልናል። ኢሜይል ፊት የለውም።

ስለዚህ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ ማዛመድ ትቼ ደብተር አወጣሁ። በእያንዳንዱ ግሥ ፊት አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ ሰውዬው የሚለው ነገር እውነት ነው?

እውነቱ ተለጥጦ ከሆነ «ኤግዛጅሬት» እና «ኦቨርስቴት» አንድ ገጽ ላይ ገቡ። የአማርኛ ጓደኛቸው «አጋነነ» ነው። «ኤግዛጅሬት» ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ቁልል፣ ክምር ማለት ነው። በትንሽ ነገር ላይ አፈር እየከመሩ ተራራ ማስመሰል ብላችሁ ያዙት፣ አትረሱትም። «ኦቨርስቴት» ቀዝቀዝ ያለ ነው። በሒሳብ መግለጫ ላይ ትርፍ ከልኩ በላይ ተመዝግቦ ሲገኝ የሚባለው እሱ ነው፤ ሆን ተብሎም ይሁን በስህተት። ለሪፖርት ይመቻል። ጓደኛችሁ ስለያዘው ዓሣ ሲያወራ ግን «ኦቨርስቴት» ብትሉ ፍርድ ቤት የቆማችሁ ይመስላል።

ነገሩ እውነት ሆኖ ጆሮ ያደነቆረ ከሆነ ሁለተኛው ገጽ ነው። ይሄ ገጽ ነው የጣመኝ። «ቢሌበር» አለ፤ በድሮ ትርጉሙ መደብደብ፣ መቀጥቀጥ ነበር። ዛሬ የሚደበደበው ሐሳቡ ነው። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ የምንለውን ያህል፣ የገባ ነገር ደግሞ ደጋግሞ መውቀጥ። «ሃርፕ ኦን» ደግሞ የመጣው በገናን ከመሰለው የክር መሣሪያ ነው። ያን ሁሉ ክር ትቶ አንዱን ብቻ መምታት። ከ«ቢሌበር» የሚለየው ምሬት ስላለበት ነው፤ «ነዘነዘ» ወይም «ጨቀጨቀ» ብትሉት ልኩ ነው። አለቃን በዚህ ቃል አትግለጹ፣ አደራ። «ድዌል ኦን» ለስላሳ ነው፤ አንድ ነገር ላይ ከልክ በላይ መቆየት፣ ብዙ ጊዜም በሐሳብ። ለአፍ ወሬ «ጎ ኦን አባውት» ይበቃል።

«ኦቨርኤምፈሳይዝ» ራሱስ? እሱ የትኛውም ገጽ ላይ አልገባ አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፣ አንዴ ብቻም ተነግሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከሌሎቹ ጋር ሲመዘን ድርሻው በዛ። ብቻውን ገጽ ሰጠሁት።

መስተዋድዱም አስቸግሮኛል። እኛ «በዚህ ላይ» ማለት ስለለመድን «ኤምፈሳይዝ» ኋላ «ኦን» እጨምር ነበር፣ ለዓመታት! አያስፈልገውም። «ኦን» የሚወስደው ስሙ፣ «ኤምፈሲስ» ነው። «ሃርፕ» እና «ድዌል» ግን በዚህ ትርጉማቸው ያለ «ኦን» አይቆሙም። «ቢሌበር» ያለ ምንም መስተዋድድ «ዘ ፖይንት»ን፣ ነጥቡን፣ ይዞ ይሄዳል፤ እንግሊዞች «ሌበር ዘ ፖይንት» ማለትም ይወዳሉ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ያደናግረኛል። የአንድ ነገር ጥቅም «ካንት ቢ ኦቨርስቴትድ» ሲባል የፈለግነውን ያህል ብናጋንነው አይበዛበትም ማለት ነው። ምስጋና ነው። «ካንት ቢ አንደርስቴትድ» ብትሉ ግን ቃል በቃል ተቃራኒው ይወጣል፤ ምንም ያህል ብናሳንሰው አያንስበትም፣ ማለትም ከንቱ ነው። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎችም ለምስጋና ብለው ይሄኛውን ሲጽፉ አይቻለሁ። እኔ ሁለቱንም ሸሽቼ «በጣም ይጠቅማል» ብዬ እጽፋለሁ።

ደብተሩ ዛሬም አለ። አዲስ ግሥ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ሰው በምን ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዳስገባው ነው። ከመዝገብ ውስጥ ቃል ብቻውን አንስቼ መላክ ትቻለሁ። ማጠቃለያውንም ያኔውኑ በ«ቢሌበር» አስተካክዬ መልሼ ላክሁት፤ መጀመሪያ ለባልደረባዬ አሳይቼ።

አነበበው። ፈገግ አለ። «ይሄስ ልክ ነው» አለኝ።

ስድስተኛው ስብሰባ ላይም አነሳው።