ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ

ላፕቶፔ ላይ «ዝምታ» ብዬ የሰየምኩት ፎልደር አለ። ውስጡ ያሉት ቅጂዎች ላይ ማንም አይናገርም። አብዛኞቹ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ናቸው። ትናንት ማታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸውና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

ግላኮማ ዓይኔን ቀስ በቀስ ነው የወሰደው። አሁን መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ አውቃለሁ፣ መብራት በርቶ ከሆነም አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ የለም። ድምፅ መቅዳትና ኤዲት ማድረግ መማር የፈለግኩት ግን ዓይኔ ስለደከመ አይደለም። መተረክ ስለምወድ ነው። ልጅ ሆኜ ቤታችን ትረካ ሲከፈት ሁሉም ዝም ይላል። የወጋየሁ ንጋቱ ከሆነማ አባቴ የቀረበለትን ቡና እንኳ ፉት ሳይል ይቀዘቅዝበት ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ። አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ትምህርቱ በሙሉ «እዚህ ጋ»፣ «እዚያ ጋ»፣ «ይቺን ተራራ የምትመስለውን ያዙና» ነው። በሦስተኛው ቀን ጠጋ አልኩትና በኪቦርድ ብቻ እንዴት ልሥራው ብዬ ጠየቅኩት። «የኔ እህት፣ ይሄ እኮ በዓይን የሚሠራ ሥራ ነው። የድምፁን ሞገድ ስክሪኑ ላይ ካላየሽው የት ጋ ልትቆርጪ ነው?» አለኝ። አዝኖልኝ ነው እንዲህ ያለው። ማዘኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ድምፅ እኮ ነው! ድምፅ በጆሮ ካልተሠራ በምን ሊሠራ ነው? ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ወደ ቤቴ፣ ይህንኑ ለራሴ እየደጋገምኩ በእግሬ ወረድኩ። አልተመለስኩም። የከፈልኩትም ገንዘብ እዚያው ቀረ።

ያስተማረኝ ጋሼ ነው። ጋሼ የምለው እንደኔው ዓይነ ስውር የሆነ፣ ሬዲዮ ላይ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። በአካል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተገናኘነው፣ የቀረው ሁሉ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ነው። ማታ ይልክልኛል፣ ጠዋት እሞክረዋለሁ፣ የሠራሁትን መልሼ እልክለታለሁ። «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቸኩለሻል» ይለኛል። በቃ፣ ሌላ አይጨምርም።

አውዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃና መቁረጫ ፕሮግራም ጀመርን፣ ነፃ ስለሆነ። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልኝ ኤንቪዲኤም ነፃ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው የጀመረው፣ እንደኔ ያለ ሰው ለውድ ሶፍትዌር መክፈል ሳያስፈልገው ኮምፒውተር እንዲጠቀም ብሎ። ስንት ጊዜ በልቤ እንዳመሰገንኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አርን ስነካ መቅዳት ይጀምራል፣ ስፔስን ስነካ ያጫውታል። እየተጫወተ ስህተቱ ጋ ሲደርስ የግራውን ማዕዘን ቅንፍ እነካለሁ፣ ስህተቱ ሲያልቅ የቀኙን። በመሐል ያለው ተመረጠ ማለት ነው። ከዚያ ማጥፋት ነው። ጣት ግን ከጆሮ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ የመረጥኩትን ጫፍ በሺፍትና በቀስቶቹ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያልኩ፣ እየሰማሁ፣ እንደገና እየሰማሁ ማስተካከል አለብኝ። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት «እና» የምትል ቃል ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

ከቆረጥኩ በኋላ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ «ጠቅ» የምትል ነገር ትሰማኛለች። ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ ዓይነት። ሁለት ቀን ሙሉ ማይኩ ተበላሽቷል ብዬ ተጨነቅኩ። ጋሼ ነው የነገረኝ፦ ድምፅ ንዝረት ነው፣ ከመሐሉ መስመር ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ሽቅብ በወጣበት ቦታ ቆርጠሽ ቁልቁል ከወረደው ጋር ብትገጥሚው በአንዴ ይዘልላል፣ ዝላዩ ነው የሚጮኸው። መስመሩን በሚያቋርጥበት ቦታ ቁረጪ፣ ዜድን ንኪ፣ ቦታውን ራሱ ይፈልግልሻል። ነካሁ። ጠቅታዋ ጠፋች። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ እልል ማለት ቃጣኝ።

ትንፋሽም ነበር። እንደ ጀማሪ ሁሉ፣ ያገኘሁትን ትንፋሽ በሙሉ ቆርጬ ጣልኩ። ንጹሕ ይሁን ብዬ። ለጋሼ ስልክለት «አንቺ ልጅ፣ ሰውዬዋ አየር አትስብም እንዴ? እኔ ሳልታፈን አልቀረሁም» አለኝ። አሁን ትንፋሹን አልነካውም፣ በጣም ከጮኸ ብቻ ዝቅ አደርገዋለሁ።

ሌላው ጣጣ ንባቡ ነው። የሚያይ ተራኪ ወረቀቱን እያየ ያነባል። እኔ ጽሑፉን ኤንቪዲኤ ቢያነብልኝና ተከትዬው ብናገር አማርኛው ይበላሽብኛል፣ ማጥበቅና ማላላት አያውቅማ። ፊደላችን ራሱ አይጽፈውም። «ገና ነው» ሲል በዓሉን ይሁን ጊዜውን፣ «አለ» ሲል ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ አንባቢው ከዐውዱ ነው የሚያውቀው። ማሽኑ በመሰለው ይለዋል፣ እኔም ሳላስበው አንደበቱን እይዝበታለሁ። ስለዚህ የምተርከውን ሁሉ አስቀድሜ በብሬል እጽፈዋለሁ። ረጅም ሥራ ነው፣ ግን ቃሉ የእኔ ይሆናል።

ብሬሉ ደግሞ የራሱን ድምፅ ይዞ መጣ። ጣቴ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሽው፣ ሽው ይላል፣ የመስመሩ መጨረሻ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ረዘም ያለ ሽውታ አለ። ማይኩ ሁሉንም ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ጋቢ አጥፌ አነጠፍኩ፣ ወረቀቱን ጋቢው ላይ አደረግኩ፣ ማይኩን ወደ አገጬ ከፍ አደረግኩት። ጣቴንም ማቅለል ተማርኩ፣ ነጥቧን ነክቶ ማለፍ እንጂ መጫን የለም። አሁንም ቅጂውን በጣም ከፍ አድርጎ የሚሰማ ሰው ጣቴን ያገኛታል።

ዝምታውንም ያስለመደኝ ጋሼ ነው። «ልትቀጂ በተቀመጥሽ ቁጥር መጀመሪያ ሠላሳ ሰከንድ ዝም በይና ክፍሉን ቅጂ» አለኝ። ክፍል ባዶውንም ድምፅ አለው። ቃል ያወጣሁበትን ቦታ በምንም ብሞላው፣ ማለት ጭራሽ ድምፅ በሌለው ነገር፣ ሰሚው ጉድጓድ ውስጥ የገባ ያህል ይሰማዋል። በክፍሉ በራሱ ዝምታ ከሞላሁት ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ በተቀመጥኩ ቁጥር ቀዳሁ፣ ቀኑን ስሙ ላይ እየጻፍኩ ፎልደሩ ውስጥ ከተትኩ።

የእኔ ክፍል ዝምታ እውነት ለመናገር ዝም አይልም። ኤሲኤክስ የሚባለው የኦዲዮ መጽሐፍ መድረክ የጀርባ ድምፅ ከኔጋቲቭ 60 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይጠይቃል። የእኔ ደህና በሆነ ሌሊት ኔጋቲቭ 50 ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ፊቴን ወደ ልብሶቹ አዙሬ ነው የምተርከው። ቢሆንም የታክሲ ረዳት «ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ» ይላል፣ ረፋዱ ላይ «ቁራሌው!» ያልፋል፣ ሌሊት ከጊዮርጊስ በኩል ማሕሌት ይመጣል፣ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ጭራሽ አያስወራም።

ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ለአንዲት ዓይነ ስውር የ12ኛ ክፍል ተማሪ እየቀዳሁላት ነበር። እስከ የካቲት መጨረሻ ሦስት ምዕራፍ ጨረስኩ። በመጋቢት ከፒያሳ በኩል ቤቶችን ማፍረስ ተጀመረ። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ፈረሰ። ሥራው እየሰፋ ወደኛም ቀረበ። የእኔ ክፍል አልተነካም፣ ግን ሳምንታት ሙሉ መቅዳት አልቻልኩም፣ ቀን ማሽን፣ ሌሊት ገልባጭ መኪና። የምሄድበትንም መንገድ እንደ አዲስ መማር ነበረብኝ። እኔ ፒያሳን በግድግዳ ነው የማውቀው። በትሬ መሬቱን ስትነካ ድምፁ በስተግራ ቶሎ ከተመለሰ ግንብ አለ፣ ካልተመለሰ ቅያስ ነው፣ የዳቦ ሽታው ከመጣ ልሻገር ነው። አንድ ቀን በትሬን ነካሁ፣ ከየትም በኩል የሚመለስ ነገር የለም። ቆምኩ። አንድ ልጅ መጥቶ «ላሻግርሽ እህቴ?» እስኪለኝ ድረስ ዝም ብዬ እዚያው ቆሜ ነበር።

ግንቦት ላይ እንደገና መቅዳት ጀመርኩ። ምዕራፍ አራትን ጨረስኩ፣ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ደግሞ የተሳሳትኳቸውን ሁለት ዓመተ ምሕረቶች አስተካክዬ ከተትኩ። ያን ጊዜ ሪፐር ወደሚባል ሌላ የድምፅ ፕሮግራም ተዛውሬ ነበር። ኦሳራ የሚባል ለዓይነ ስውራን የተሠራ ማሟያ ስላለው የት ደቂቃ ላይ እንዳለሁ፣ የትኛው ትራክ ላይ እንደቆምኩ ሁሉን ይነግረኛል። ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት። የሚያዩ ሁለት ጓደኞቼን አሰማኋቸው። ምንም አልሰሙም። ለተማሪዋ ላክኩላት።

በማግስቱ የድምፅ መልእክት መጣ። «እህቴ በጣም አመሰግናለሁ፣ ደርሶኛል። ግን ምዕራፍ ሦስት መሐል ላይ ቤት ቀየርሽ እንዴ?»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም ደንግጬም አላውቅም። ሰማችው! ሄድፎኔን አድርጌ ተመለስኩበት። እውነቷን ነው። የየካቲቱ ክፍሌ ሞቅ ያለ ነው፣ ድምፁ ቅርብ ነው፣ ማዶ ያለው ግንብ የመንገዱን ጫጫታ አፍኖ ነው የሚያመጣው። የግንቦቱ ሰፊ ነው። ነፋስ አለበት፣ መኪናው ከሩቅ ነው የሚሰማው፣ በመሐል ምንም የለም። እኔ ያው ወንበር ላይ፣ ያው ቁም ሳጥን ፊት ነበርኩ። የተለወጠው ከመስኮቱ ውጪ ያለው ነው።

መድኃኒቱን አውቀው ነበር። የየካቲትን ዝምታ አውጥቼ በሌላ ትራክ ከአዲሱ ንባብ ሥር አነጠፍኩት። ገጠመ። ምዕራፍ አራት ግን አርባ ደቂቃ ነው፣ ዝምታዬ ሠላሳ ሰከንድ። ሪፐር ሲስቡት ይደጋግመዋል፣ እኔም ሳብኩት። ከዚያ ተቀምጬ አዳመጥኩ። አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ፣ በጣም ሩቅ፣ አንድ ረዳት «አራት ኪሎ» ይላል። ስቀዳው ልብ አላልኩትም። ሠላሳ ሰከንድ ቆይቶ እንደገና «አራት ኪሎ»። እንደገና። ያው ልጅ፣ ያው «ኪሎ» ላይ የሚጎትታት ነገር። ተማሪዋ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ትይዘዋለች።

የታኅሣሡን፣ የጥሩን፣ የየካቲቱን ሁሉ ሰብስቤ ሰፋሁት። ሃያ ስድስት ፋይል፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ። ረዳቱን አወጣሁ፣ ውሻውን አወጣሁ፣ የእማማን የበር ማንጠልጠያ ተውኩት። አሥራ ሦስቱ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይዞራል፣ ለአርባው ይበቃል ማለት ይቻላል። ተጨማሪ ልቅዳ ብል ግን የት ሄጄ ነው የምቀዳው? ያ ግንብ የለም።

ጋሼን ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ሠላሳ ሰከንድ ነበር የተማርኩት» አለኝ።

ዛሬ ማታ ማይኩን ስከፍት ክፍሉን አሥር ደቂቃ ቀዳሁት። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጣቴን ከብሬሉ አንስቼ፣ እስኪያልቅ ድረስ።