«ብላንኩን ጣለው»

የላብራቶሪያችን በር ላይ «በፍሊስና በፖሊስተር ልብስ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሁለቱም ክራቸው የሚረግፍ የፕላስቲክ ጨርቅ ናቸው። ማስታወቂያው ራሱ በፕላስቲክ የታሸገ ነው፤ እሱን እንለፈው። ያጻፉት አለቃችን ናቸው። ሁላችንም «ዶክተር» ነው የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ሥራችን የባሕር ውሃ ውስጥ ማይክሮፕላስቲክ መቁጠር ነው፤ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰውን ማለት ነው። ናሙናው 333 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው መረብ ከባሕሩ ገጽ ተስቦ ይመጣል። አልጌውንና ሌላውን ሕይወታዊ ነገር በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እናሟሟለን፣ ፕላስቲኩን በጨው ውሃ እናንሳፍፋለን፣ እናጣራለን። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አንገት እስኪደርቅ መቁጠር ነው። ከጎኑ ሁሌም ብላንክ ይሠራል። የባሕር ውሃ የለበትም፤ ንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻ ሆኖ ያንኑ መንገድ ሁሉ ያልፋል። እዚያ ላይ የተገኘ ነገር በሙሉ የመጣው ከእኛ ነው፦ ከአየሩ፣ ከልብሱ፣ ከጓንቱ። ጓንት ስል አልቀለድኩም። አንዳንድ ጓንት ላይ ያለው ስቴሬት የሚባል ነገር፣ የፕላስቲኩን ዓይነት በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለየው ማሽን ላይ ፖሊኢትሊን የሚባለውን ፕላስቲክ መስሎ ቁጭ ይላል።

ያን ቀን ብላንኩን ማይክሮስኮፕ ላይ ሳስቀምጠው ቀይ ክር በቀይ ክር ነው። እኛ ሁላችን ነጭ የጥጥ ጋውን ለብሰናል። ጠዋት ናሙናው ክፍት እያለ «እንዴት ይዟችኋል?» ብለው ገብተው ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ያሉት ዶክተር ግን ቀይ ፍሊስ ጃኬት ነበር የለበሱት። ጋውን እንኳ አልደረቡም።

ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጎበዝ! ይሄን ሁሉ ክር ነው ያገኘኸው?» አሉ ደስ ብሏቸው።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ ብላንኩ ነው።»

ቀና አሉ። ትንሽ ቆዩና «ባሕሩም ቢሆን በክር የተሞላ ነው» አሉ። «ልብስ በታጠበ ቁጥር ወደ ውሃ ይሄዳል። ከ7 ሺህ ሜትር በታች የሚኖሩ ፍጥረታት ሆድ ውስጥ እንኳ ተገኝቷል።»

እውነታቸውን ነው። በ2019 የወጣው ጥናት ማሪያናን ጨምሮ ከ6 የውቅያኖስ ጥልቅ ቦታዎች በተያዙ ፍጥረታት ሆድ ውስጥ ክሩን አግኝቷል። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ባሕሩ ውስጥ በእርግጥ ክር ስላለ፣ ቀለሙን ካላየን በቀር የጃኬቱን ከባሕሩ የምንለይበት መንገድ የለም። የኢንፍራሬዱ ማሽን «ፖሊስተር» ይላል እንጂ «የዶክተር» አይልም።

«ጃኬትዎ ይመስለኛል» አልኩ፣ በተቻለኝ ትሕትና።

ጃኬታቸውን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ዚፑን እስከ አንገታቸው ዘጉት። (ይሄ ምን እንደሚለውጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም።)

«እንግዲያው ብላንኩ ተበክሏል። ጣለውና ሌላ ሥራ።»

ብላንኩ ተበክሏል! ብላንክ የሚሠራው እኮ መበከላችንን እንዲነግረን ነው። ትኩሳት አለብህ ያለውን ቴርሞሜትር ሰብሮ ሌላ እንደ መግዛት ነው። አዲሱ ብላንክ ንጹሕ ይወጣል፤ የጠዋቶቹ ናሙናዎች ግን ቀይ ክራቸውን ይዘው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባሉ። ይሄ ደግሞ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮፔፖድ የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ፕላስቲክ ሲውጡ ምግብ እንደሚቀንሱ በላብራቶሪ ሙከራ ታይቷል። ታዲያ እውነተኛው ባሕር ውስጥ የሚደርስባቸው ጉዳት ምን ያህል ነው? ይሄን ለመመለስ ባሕሩ ውስጥ ስንት ፕላስቲክ እንዳለ በትክክል መታወቅ አለበት። ቁጥራችን ውስጥ የአንድ ሰው ጃኬት ካለበት፣ ነገ «ሁሉም የላብራቶሪ ብናኝ ነው» ለሚል ሰው ማስረጃውን በራሳችን እጅ አቀበልነው ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ብነግራቸው ደስ ባለኝ። ከአፌ የወጣው ግን «እሺ ዶክተር» ነው። ኮንትራቴን የሚያድሱት እሳቸው ናቸው።

ብላንኩን ግን አልጣልኩትም። ፎቶ አነሳሁት፣ ፔትሪ ዲሹ ላይ ቀኑን ጻፍኩበት፣ መዝገቡ ላይም «ቀይ ክር፣ የጠዋት ናሙናዎችን በሙሉ ይመለከታል» ብዬ አሰፈርኩ። የማን ጃኬት እንደሆነ አልጻፍኩም። የመዝገቡ ዓምዶች ውስጥ ለሱ ቦታ የለም።

ጥናቱ ለጆርናል ሲላክ የገምጋሚው የመጀመሪያ ጥያቄ የብላንክ መረጃ ሆነ። ዶክተር በጥድፊያ መጡ። «የዚያን ቀን ብላንክ አለን አይደል?» አሉኝ። አለን! ቀይ ክሮቹ በሙሉ ከቆጠራው ወጡ፣ ጥናቱም ታተመ። ከዚያ ወዲህ ጋውኖቻችን ብርቱካናማ ጥጥ ሆነዋል፤ ክር ከወደቀ የእኛ መሆኑ ወዲያው እንዲለይ። ዶክተርም ይለብሳሉ። ከፍሊሱ በላይ ይደርቡታል፣ ቀዩ ኮሌታ ብቅ ብሎ ይታያል።

በቅርቡ አንድ ስብሰባ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ያቺ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ወጣች። «ጥንቃቄ ሲጓደል እንዲህ ይሆናል» አሉ። «አንድ ወጣት ቴክኒሻናችን ቀይ ጃኬት ለብሶ ገብቶ ነው።» አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ዘንበል ብላ «አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ ቀይ አይሄድብኝም» አልኳት።