ሦስተኛ ወር፦ ግፊቱ ለምን 40 ላይ ቆመ?

ባለፈው «ግፊቱ ከ40 ኪሎፓስካል አላልፍ ብሎኛል» ብዬ አማርሬላችሁ ነበር። ምክንያቱን አገኘሁት። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ሐሳቤ ውሃ ላይ በድንገት የሚያርፍ አውሮፕላን ሆዱ ምን እንደሚደርስበት ኦፕን ራዲዮስ በሚባል የግጭት ማስያ ሶፍትዌር ማስላት ነው። ሙሉ አውሮፕላን ለኔ ላፕቶፕ ገና ስለሆነ ሹል ጫፉ ወደ ታች በሆነ ሽብልቅ ጀመርኩ። ጎኖቹ ከውሃው ጋር 10 ዲግሪ ይሠራሉ፣ ውሃውን በሰከንድ 2 ሜትር ይመታል። ሽብልቅ የመረጥኩት መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው፤ ቮን ካርማን በ1929 እ.ኤ.አ. ለባሕር አውሮፕላን ተንሳፋፊዎች የጀመረውን ስሌት ዋግነር በ1932 አሻሽሎታል። በዋግነር ቀመር ከፍተኛው ግፊት 159 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ጎኑ ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ቢል 37 ብቻ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሆድ ውሃን እንደ ድንጋይ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

የኔ ውጤት ግን 40። ሶፍትዌሩ ውሃውን የሚሠራባቸውን ቅንጣቶች ከ10 ሚሊሜትር ወደ 5፣ ከ5 ወደ 2.5 አሳነስኳቸው፤ ያው 40! ሶፍትዌሩን መርገም ጀምሬ ነበር።

የገላገለኝ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። አራት ኪሎ በተከራየሁበት ግቢ፣ 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ በሽብልቅ ቅርጽ አጥፌ ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ ለቀቅሁትና በስልኬ ስሎው ሞሽን ቀረጽኩ። (አከራዬ እማማ «አንተ ልጅ፣ ነገ ውሃ ቢጠፋ በምን ልታጥብ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ በማግስቱ ጠፋ።) ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም ሳየው ቆርቆሮው ገና ሁለት ሳንቲሜትር ሲሰምጥ ውሃው ጠርዙ ጋ ደርሷል።

እዚህ ላይ ነቃሁ፦ ውሃው ወደ ጎን የሚሮጠው ቆርቆሮው ከሚሰምጥበት በብዙ ፈጥኖ ነው። ኤስፒኤች በሚባለው ዘዴ ውሃን በቅንጣቶች ስንሠራ፣ ስሌቱ እንዲፈጥን ውሃ ውስጥ ያለውን የድምፅ ፍጥነት ከእውነተኛው 1480 ሜትር በሰከንድ ዝቅ እናደርጋለን፤ ደንቡ «ከከፍተኛው ፍጥነት 10 እጥፍ» ነው። እኔ ከፍተኛው ፍጥነት የሽብልቁ 2 ሜትር መስሎኝ 20 አስገባሁ። ወደ ጎን የሚሮጠው የርጥበቱ ጠርዝ (ውሃው ሽብልቁን እያረጠበ የደረሰበት ጫፍ) ግን በሰከንድ 18 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከፊቱ የሚፈናጠረው ውሃ ደግሞ የዚያ እጥፍ። ጠርዙ የድምፅ ፍጥነቱን ሊያልፍ ምንም አልቀረውም፣ የሚፈናጠረው ውሃማ ማለፍ ነበረበት ማለት ነው። 40ም ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፦ ጥግግት 1000፣ በድምፅ ፍጥነት 20፣ በምት ፍጥነት 2 ሲባዛ 40 ሺህ ፓስካል። ግድግዳውን የገነባሁት እኔው ነኝ።

1480ውን መልሼ አስገባሁ። የጊዜ እርምጃው በ74 እጥፍ አጠረና የ12 ደቂቃው ሥራ 15 ሰዓት ገደማ ሆነ። በዘጠነኛው ሰዓት መብራት ሄደ፤ ስሌቱን ካቆመበት የሚያስቀጥለው የሪስታርት ፋይል በየግማሽ ሰዓቱ እንዲጻፍ ባላደርግ ኖሮ አልቅሼ ነበር። ውጤቱ 131። የቀረው ልዩነት ከቅንጣቶቹ መጠን ይመስለኛል፤ ከፍተኛው ግፊት የሚታይባት ሰቅ በጣም ጠባብ ናት፣ ትላልቅ ቅንጣቶች ይዘሏታል። ጠቅላላ ኃይሉ ግን ከቀመሩ ጋር ተቀራርቧል። የአውሮፕላኑን ቆዳ ለማጠፍ ይኼ ይበቃል ብዬ አስባለሁ፣ ብትቃወሙኝ ደስ ይለኛል።

«2 ሜትር በሰከንድ ምን ይጠቅማል?» ለሚል፦ በ2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው ኤርባስ ኤ320 የመብረር ፈቃድ ሲያገኝ የታሰበለት የቁልቁለት ፍጥነት በሰከንድ 1.1 ሜትር ያህል ነበር፤ በዕለቱ የመታው በ3.8 ነው። 155ቱም ሰዎች ተረፉ፣ የኋላ ሆዱ ግን ተቀዶ ውሃ ገባ። የኔ ሳፋ በሁለቱ መሃል ናት። እኛ ሀገር ይህ ወሬ ሲነሳ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ ዳርቻ የወደቀው ቦይንግ 767 ነው የሚታወሰው፦ 175 ተሳፍረው 50 ተረፉ። እዚያ የግራ ክንፉ ቀድሞ ውሃ ነካ። አንድ ወገን ቀድሞ ሲነካ ስሌቱ ሌላ ነገር ነው፣ በሽብልቅ አይደረስበትም።

በሚቀጥለው ግትሩን (የማይታጠፈውን) ሽብልቅ በ2 ሚሊሜትር አልሙኒየም እተካለሁ፤ ከዚያ የፊት ፍጥነት እጨምራለሁ። 16 ጂቢ ራም የሚያበድረኝ ካለ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነኝ።