መረሬ መሬት ላይ አልጠጣ ያለ ጉድጓድ

አቃቂ አካባቢ መረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ጉድለት የሚታወቀው በበጋ ሳይሆን ሐምሌ ሲጋመስ ነው። የእኛም ጉድጓድ በጋውን ያለ ችግር ያሳልፍና ዝናቡ ሲበረታ ፖዜቶው (የፍሳሽ ቧንቧው መፈተሻ ጉድጓድ) ይሞላል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መጣጭ መኪና ጠርተን ያስመጠጥነው ጉድጓድም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚሞላ ጉድጓድ የሚሞላው በቤተሰቡ ፍሳሽ ብቻ አይደለም፤ ከጣሪያ የወረደው ውኃ በጉድጓዱ ዙሪያ በተሞላው ልል አፈር በኩል ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ጭምር ነው።

መረሬ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ማዕድን የበዛበት አፈር ነው። በበጋ የሚሰነጣጠቀው ስንጥቅ ፍሳሹን ስለሚቀበል ቤተሰቡ ጉድጓዱ ደህና የሚጠጣ ይመስለዋል፤ ክረምት ሲገባ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውኃው መሄጃ ያጣል። ስለዚህ የመስረግ ፈተና የሚታመነው፣ የተቆፈረው የመሞከሪያ ጉድጓድ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሙሉ ውኃ ሲጠጣ አድሮ አፈሩ ካበጠ በኋላ ውኃው በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ሲለካ ነው። በጥር ደረቅ መሬት ላይ ውኃ ደፍቶ «ጠጣ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ቆፋሪው «ጋሼ፣ አራት ሜትር ብንወርድ ይጠጣል» ብሎኝ ነበር። ልምዱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጭቃው ጥልቅ ከሆነ የሚገኘው ሌላ የሚሞላ ጉድጓድ ነው፤ ከጭቃው በታች የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ቢገኝ ደግሞ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚቀዳ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ የመረጥኩት ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ መውጣትን ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች በዚሁ ዓይነት አፈር ላይ ሰፋፊ መደብ ከፍ አድርገው በእጃቸው እየሠሩ፣ የተረፈውን ውኃ በቦይ እያንጠፈጠፉ ያርሳሉ፤ ፍሳሹ የሚሰርግበት ሜዳም በዚሁ ሐሳብ ከፍ ብሎ ተሠራ።

መጀመሪያ የጣሪያው አሸንዳ ከጉድጓዱ ርቆ እንዲፈስ ተደረገ፤ ከላይኛው ወገንም የዝናቡን ጎርፍ የሚያዞር ቦይ ተቆፈረ። ቀጥሎ የቀድሞው ጉድጓድ ታችና ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ሁለት ክፍል ያለው ዝግ ታንከር ሆነ። ይህ ሥራ ሲሠራ ጉድጓዱ ሳይመጠጥና በደንብ ሳይናፈስ ማንም ሰው ወደ ውስጥ እንዲገባ አልተፈቀደም፤ ጋዙ ሰው ይገድላልና።

ሜዳው የተዘጋጀው አፈሩ ደርቆ ሳለ ነው። እርጥብ መረሬ አካፋ ሲነካው ፊቱ ተለስኖ ያብረቀርቃል፤ ያ የለሰለሰ ፊት ደግሞ ውኃ አያሳልፍም። ስለዚህ የላዩ አፈር በመቆፈሪያ ተቧጨረ፤ በላዩ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር የሌለው ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠርና የተበሳ ቧንቧ፣ በመጨረሻም ሣር የተተከለበት ስስ የአፈር ልባስ ተደረበ። አሸዋ ሻጩ «የታጠበ ነው» ያለውን ሳያምኑ በጠርሙስ ውኃ በጥብጦ ማሳደር ይበጃል፤ ከላይ ወፍራም የደለል ሽፋን ከተኛ አይረባም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ እርጥብ መረሬ በካሬ ሜትር በቀን ከ10 ሊትር በላይ አይቀበልም ብሎ ማስላት ይሻላል። በቀን 400 ሊትር ለሚያፈስስ ቤት 40 ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ ይህን ያህል ትርፍ ቦታ የሌለው ጊቢ ይህን ዘዴ ባያስበው ይሻላል።

ሜዳው ከታንከሩ ከፍ ስለሚል ፍሳሹን የሚገፋው ትንሽ ፓምፕ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም ሁለተኛው ክፍል ቢያንስ የአንድ ቀን ፍሳሽ የሚይዝ ትርፍ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ታንከሩን የምናስመጥጠው ዝቃጩ ሲሶውን ሲይዝ ነው፤ ወቅቱም ከግንቦት ባያልፍ ይመረጣል፤ ነሐሴ ላይ ባዶ የሆነን ታንከር ያበጠው አፈርና የተጠራቀመው ውኃ ከውጭ እየገፋ ግድግዳውን ሊሰነጥቀው ይችላልና።