11 ዲግሪ

ዝናቡ አመሻሽ ላይ አባራ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲገፈፍ ሰማዩ ታጥቦ ወጣ፤ ሆድ የሚያባባ ጥራት። ቡናው ገና ቶና ላይ እያለ ዓይን ወደ ሰሜን ይሄዳል።

የሰሜን ኮከብ እዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ ኮከቡም ከአድማስ በላይ ያው 11 ዲግሪ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥ ያህል። ትንሽ ኮረብታ ይጋርደዋል። የቴሌስኮፑ መቆሚያ ዘንግ ደግሞ ወደዚያው ካላነጣጠረ ሰማዩን ተከትሎ አይዞርም። ለአውሮፓ የተሠራው ብዙው መቆሚያ እስከዚህ ዝቅ ማለት ይቸግረዋል፤ ዝቅ ሲል የሚዛን ክብደቱ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ያኔ እግሮቹን ማዞር ወይም ከላይ አጭር ምሰሶ መጨመር ነው።

ኮከቡ ቢጋረድም መላ አለ። በታኅሣሥና በጥር ምሽት የኦሪዮን ቀበቶ አናት አካባቢ ሲደርስ፣ ከሦስቱ አንዱን ኮከብ የመስቀል መስመር ባለው የዓይን ሌንስ መሐል አስገብቶ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ከዚያ በምሥራቅ ዝቅ ያለ ኮከብ፦ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ከፍ ብሏል። በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚስተካከለው፤ ችኩል ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያዞረው ያድራል።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ግን የአዲስ አበባ መብራት እግራቸው ሥር ነው። ወደፊት ለታሰበው ትልቅ ቴሌስኮፕ የላሊበላ ተራሮች የተጠኑት ያለ ነገር አይደለም፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት የፀሐይ ግርዶሹ ቀጭን የብርሃን ቀለበት ሆኖ የታየውም እዚያው ላሊበላ ነው። ሰኔ! ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው።

የሚያሳስበው ክረምቱ ነው። እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የሌንሱን ልባስ ከበላው ጠረጋ አይመልሰውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በደንብ የሚገጥም ሣጥን፣ ውስጡ እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል፣ ሰማያዊው ፍሬ ወደ ሮዝ ሲለወጥ በ120 ዲግሪ ሙቀት አድርቆ መመለስ። ቴሌስኮፑን የሚይዘው ተማሪ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ፣ የመሣሪያው ክፍል ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲቀር፣ ያንን ፍሬ ከፍቶ የሚያየው ማነው? ከሰኔ እስከ መስከረም ከመሣሪያው ጋር የሚከርመው ማነው?