ፋጉሎ አይወረስም

ዛሬ ከአጎቴ ጋር ኮርማ ልንገዛ ቡሬ ገበያ ወርደን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ገና እንደገባን ዓይኔ አንድ ቀይ ወይፈን ላይ ቀረ፤ ሻኛው የተከመረ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ። ዋጋ መጠየቅ ጀመርኩ። አጎቴ ግን ባለቤቱን «ወንድሜ፣ ምን እያበላኸው ከረምህ?» አሉት። ሰውዬው በኩራት «የኑግ ፋጉሎና የጠላ አተላ» አለ፤ ፋጉሎ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «ፋጉሎ ለጥጃ አይወረስም» አሉኝ፤ በመኖ የመጣ ውፍረት ወደ ልጆቹ አይተላለፍም ማለታቸው ነው።

ከዚያ ጥርሱን ገልጠው አዩ፣ አስኪደው የኋላ እግሮቹን ተመለከቱ። በሰው መሀል ጎንበስ ብለው ቆለጡን ሲዳብሱማ አፈርኩ! ሳይንሱም ግን የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቆለጡ ትልቅ የሆነ ኮርማ ዘሩ ብዙ ነው፣ ሴት ልጆቹም ቶሎ ለኮርማ ይደርሳሉ። የዚህኛው አንዱ ቆለጥ ከሌላው በግልጽ ያነሰ ነበር። «እናቱስ በስንት ጊዜ ትወልዳለች?» ሲሉት ባለቤቱ ዝም አለ፤ ለካ እሱም ከሌላ ገበያ ገዝቶ ያደለበው ነው።

መንገዱን ሙሉ ያናደደኝ የራሳችን ሥራ ነው። አምሮ ያደገውን ወይፈን ቀጥቅጠን፣ ማለትም አኮላሽተን፣ ለእርሻ እንጠምደዋለን ወይም ለሰንጋ እንሸጠዋለን። በጋራ ግጦሽ ላይ ላሞቹን የሚሰርረው ታዲያ ማንም ያልፈለገው ቀጫጫ ነው። ከዚያ «የአገራችን ከብት አያድግም» እንላለን።

አጎቴ የጎረቤታቸው ላም በየዓመቱ እንደምትወልድ ትዝ ብሏቸው፣ ወይፈን ልጇ ሳይቀጠቀጥ ልድረስ ብለው ከመንገድ ተለዩኝ። እስካሁን አልተመለሱም።